ለሊማሊሞ ጥፍር ታህል

አያ ይርጋ ማረፋቸውን የሰማሁት ለመኪናዬ ዓመታዊ ምርመራ ተሰልፌ፣ ከፊቴ አራት መኪና ሲቀር ነው። የደወለችው ልጃቸው የሺ ነበረች። ሰላምታውን እንኳ ሳታስረዝም፣ «አያ አዳነ፣ አባዬ ዛሬ ጧት አርፏል» አለችኝ።

ደነገጥኩ፤ ከድንጋጤው ቀድሞ የወጣው ግን ቁጣዬ ነው። «መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። «መሪ ጨብጬ ነው ያለሁት! ሽማግሌ የለም? ቤቴ ድረስ መጥቶ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?» በእኛ ወግ የሞት ወሬ በስልክ አይወረወርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ተያይዞ ይኬዳል። ዘመድ የሞተበት ሰው እስከዚያች ሰዓት ምንም ሳያውቅ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል። የሺ ጩኸቴን እስክጨርስ ጠበቀችና፣ «እሱ ራሱ ነው ያዘዘኝ። ‹ለአዳነ ወዲያው ንገሪው፣ ማንም እንዳይደብቀው› ብሎኛል» አለች። ስልኩን ዘጋሁት። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ኖሮ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ያስጮኸዋል።

አያ ይርጋን ያወቅኋቸው ሰዎቻችንን፣ የጎንደር አይሁዶችን፣ ከሱዳን ወደዚህ አገር ያመጡ የነበሩት አውሮፕላኖች ድንገት በቆሙበት ዓመት ነው። እሳቸው ከመጨረሻዎቹ ጋር ገብተዋል፤ ሚስታቸው እማዋይሽና ትንሿ የሺ ግን አልገቡም። እማዋይሽ መንገድ ላይ ወባ ይዟት፣ ልጇን አዝላ ጎንደር እናቷ ቤት ተመልሳ ነበር። አያ ይርጋ ቀድመው ሊሄዱ፣ መንገዱን ሊያዩ፣ ከዚያ ሊያስመጧት ነበር የተስማሙት። እሳቸው በገቡ በሳምንታት ውስጥ መንገዱ ተዘጋ። ሄደው እንዳያመጧት መመለሻ የለም፤ እሷ እንዳትመጣ መውጫ የለም። የሚያመለክቱበት ቢሮ ሁሉ አንድ ወረቀት ሰጥቶ ወደ ሌላ ቢሮ ይልካቸዋል።

የምንኖረው ፔታህ ቲክቫ፣ አሚሻቭ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር። እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ልክ ከራሴ በላይ። ከሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀድሜ ስለመጣሁ ዕብራይስጡ ገብቶልኝ፣ ኪርያት ማታሎን በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ ጭራሽ አንዲት አሮጌ ፔጆ ገዝቼ ነበር። የኔ ተብላ የሁሉ ነበረች። ሰርግ ካለ በሷ ነው፣ ልቅሶ ካለ በሷ ነው፣ የሰው ሚስት ምጥ ከያዛት የሚንኳኳው የኔ በር ነው። አማርር ነበር፤ ቢቀርብኝ ደግሞ የሚከፋኝ እኔው ነኝ።

አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። አንገታቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ነው፤ የሩቅ ነገር የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ጎንደር ውስጥ ሃያ ዓመት የከባድ መኪና መካኒክ ሆነው ሠርተዋል። ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ደባርቅን አልፈው የሊማሊሞን ገደል የሚወርዱና የሚወጡ መኪኖች በሳቸው እጅ ሳያልፉ አይሄዱም ነበር ይሉኛል። ይህን ሲናገሩ አይኮሩም፤ የቤት ቁጥራቸውን የሚነግሩኝ ያህል ነው።

ሥራ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ከፋብሪካችን አጥር ቀጥሎ የናፍታሊ ሙሳኽ፣ ማለት ጋራዡ፣ ነበር። ናፍታሊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። አያ ይርጋን ከእግር እስከ ራስ አያቸውና፣ «ቴኡዳ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሙያ ወረቀት ማለቱ ነው። ወረቀቱ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው፤ ሱዳን የደረሱት ሸሚዛቸውን ብቻ ይዘው ነው። «እንግዲያው ሳቭላኑት» አለ፤ ትዕግሥት። የመኪና ዕቃ በናፍጣ የሚታጠብበት ገንዳ ጋ ወስዶ ብሩሽ አስጨበጣቸው።

አያ ይርጋ በተተኮሰ ሱሪ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ሌሎች የፈቱትን እያጠቡ ወራት አለፉ። አንድ ቀን አብረን ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አዳነ፣ እማዋይሽ የምታውቀው መካኒክ ነው» አሉኝ። «ያገባችው መካኒክ ነው። እዚህ ስትደርስ ብሩሽ ይዤ ካገኘችኝ፣ ያ ሁሉ መንገድ ለምን ሆነ ትበለኝ? እሷ ከመምጣቷ በፊት ወደ ሞተሩ መመለስ አለብኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አይመኙም ነበር።

ፔጆዋ በዚያው ሰሞን ትነጫነጭ ጀመር። ጧት አትነሳም፣ ከተነሳች ትንቀጠቀጣለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች። ናፍታሊ ጋ ላስገባት ብል ለአንድ ማስተካከያ የሚጠይቀኝ ለኪሴ የሚሆን አይደለም። አያ ይርጋ ሰሙና፣ «የገዛ ጎረቤትህ መካኒክ ሆኖ ለሙሳኽ ትከፍላለህ? ኧረ እፈር!» ብለው ተቆጡኝ። ዓርብ ከቀትር በፊት ሕንፃችን ሥር፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ላይ አቆምናት።

ያን ዕለት ሌላ ሰው ሆነው አየኋቸው። ኮፈኗን ሳይከፍቱ መዳፋቸውን አሳርፈውባት ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ካንዴላዎቹን አወጡ፣ አጠቡ፣ ክፍተታቸውን በምላጭ ውፍረት ለኩ። ሰው ተሰብስቦ ማውራት ሲጀምር ጣታቸውን አንስተው፣ «ዝም በሉ፣ ትናገር» አሉ። ሞተሩን አስነሱ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በሌላው እጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። ድምፁ ሸካራ ነበር፣ ለሰለሰ፣ ከዚያ ጠራ። በቃ አለቀ ብዬ ስጠብቅ፣ እንደገና ጥፍር የምታህል ወደ ፊት ገፉትና አጠበቁት።

«ይቺ ምንድናት?» አልኳቸው።

«ይቺ ለሊማሊሞ ናት» አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። «በደጋ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ቶሎ አይነድም። እሳቱን ጥፍር ታህል ካላስቀደምክለት መኪናው ዳገቱ ላይ ይሞትብሃል። የሙያ ጌታዬ ያስተማረኝ ይቺን ነው።»

መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። በሳምንቱ ሁለት የታክሲ ሹፌሮች ዓርብ ዓርብ እየመጡ ከባሕር ዛፉ ሥር ይሰለፉ ጀመር። ወሬው ናፍታሊ ጆሮ መግባቱ አልቀረም። ይቆጣል ስንል፣ ነገሩን በጉጉት ያዘው። ፔጆዋን ነድቶ ሞከራትና፣ «ድምጿ ያምራል። ወር ንዳትና መልሰህ አምጣልኝ፤ በመሣሪያዬ አያታለሁ። እንዲህ እንዳለች ከቆየች ይርጋን ሞተር ላይ አስቀምጠዋለሁ» አለኝ። ስተረጉምላቸው አያ ይርጋ ብሩሹን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስተካክለው አስቀመጡት።

ድምፁን የሰማሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሰው ጭኜ ነዳጅ ስረግጥ፣ ከሞተሩ ውስጥ ቀጭን መንኳኳት ይመጣል፤ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚነቀነቅ። እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። መጀመሪያ የመንገዱ ነው አልኩ። ከዚያ የርካሽ ቤንዚኑ ነው አልኩ። በየቀኑ ግን ይሰማኛል።

ልንገራቸው? አያ ይርጋ በየማታው ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ፣ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ይሉኛል፤ ፔጆዋን ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ያን ያህል ሲያበራ፣ በአባቴ ታናሽ ወንድም ዕድሜ ላለ ሰው «ሥራዎ ተበላሽቷል» ብዬ እንዴት ልናገር? እንዲህ አይባልም። «ደኅና ናት፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ወሩ እስኪያልቅ ብቻ ብትቆይ፣ ናፍታሊ ብቻ ቢያያት፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሦስት ሴቶች ለሰርግ ወደ ናታንያ ይዤ ስሄድ፣ በቀትር፣ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ፔጆዋ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ቆመች። የሰርግ ልብስ የለበሱት ሴቶች በአውቶቡስ ሄዱ። እኔ በጎታች መኪና ተጎትቼ ናፍታሊ በር ላይ ደረስኩ፤ ሌላ የማውቀው ሙሳኽ አልነበረኝም።

ሞተሩ ተፈታ። ናፍታሊ አንዱን ፒስተን አውጥቶ ከፍ አድርጎ አሳየን፤ አናቱ ቀልጦ ተበስቷል። «እሳቱ በጣም ቀድሟል» አለ። «ማነው ያስተካከለው?» የሚያውቀውን ነው የጠየቀው። አያ ይርጋ ከገንዳው ቀና ብለው፣ ናፍጣ ከእጃቸው እየተንጠባጠበ፣ በዕብራይስጥ «አኒ» አሉ፤ እኔ።

ፒስተኑን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ባሕሩ ከዚህ ምን ያህል ነው?» አሉኝ በአማርኛ።

«በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ከባሕሩ ወደዚህ ዳገት አለው?»

«የለውም፣ አያ ይርጋ። ሜዳ ነው።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። «ቆላ ነው ያለነው» አሉ ለራሳቸው። «እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ ቶሎ ይነድዳል። ሊማሊሞ የለም። ዓመት ሙሉ እዚህ ኖሬ ጆሮዬ እዚያው ቀርቷል።» ይህን ለናፍታሊ ላስረዳው ሞከርኩ። ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከልቡም አዘነ መሰለኝ። «በሰደር» አለ፤ እሺ። «ግን እዚህ ፔታህ ቲክቫ ነው። ያላ፣ ወደ ሥራ።» ሥራ ማለት ገንዳው ነው።

አያ ይርጋ ከመነሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። «ይሄ ከመሰበሩ በፊት ያንኳኳል። አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናል።»

«ብትነግረኝ እኮ በአንድ ደቂቃ መልሼ አዞረው ነበር» አሉ። አልጮሁም። «ለምን ዝም አልክ?»

«አፈርኩ፣ አያ ይርጋ። እርስዎን እንዳላሳፍር ብዬ።»

አዩኝ፣ አዩኝና ወደ ገንዳው ሄዱ። የፔጆዋን ዕቃ ያጠቡት እሳቸው ናቸው፤ የቀለጠውን ፒስተን ሳይቀር። ሞተሯን የገጠመው ሌላ መካኒክ ነው፤ እሳቱን ያስተካከለው በናፍታሊ የእሳት መለኪያ መብራት ነው። የዚያን ዕለት ያፈርኩትን እፍረት አሁንም፣ ይሄን ስጽፍ፣ ጆሮዬ ድረስ ይሰማኛል።

ዓርብ ሲመጣ፣ ከእንግዲህ አይወርዱም ብዬ ነበር። ወረዱ። ሞተሩን አስነሳ አሉኝ። ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡ፣ አንዲት ቡሎን እንኳ ሳይነኩ ኮፈኑን ዘጉ። «ምን እያደረጉ ነው?» ስላቸው «ጆሮዬን ቆላ እያስለመድኩት ነው» አሉ። ታክሲ ነጂዎቹ ቀርተዋል፤ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ፤ ያዳምጣሉ፣ አይነኩም። ኮፈኑን ከዘጉ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «የምትደብቀኝ አለ?»

«የለም፣ አያ ይርጋ።»

«በሰደር። ሰንበት ሰላም።»

አንዳንዴ በርግጥ የምደብቀው ይኖራል። አንድ ጊዜ ጎማዋን ግንብ ላይ ፈትጌ ደብቄ ነበር፤ ጥያቄው ሲመጣ ተናዘዝኩ፣ ሳቁብኝ። ደስ የሚል ጨዋታ ሆኖልን ነበር ማለት እችላለሁ። ዕድሜ ለጨዋታው፣ ይቅር ያሉኝ መሰለኝ።

ደብዳቤው የመጣው በዓመቱ፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ከጎንደር በሰው በሰው ዞሮ ለቄሳችን ደረሰ። ቄሱ እኔንና ሁለት ሽማግሌዎችን ቤታቸው ጠሩን። እማዋይሽ አልፋ ነበር፤ ያ ወባ ተመልሶባት። ልጅቱ አያቷ ጋ ናት ይላል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መከሩ። የአያ ይርጋ ዘመዶች አፉላና አሽቀሎን ስላሉ እስኪሰበሰቡ ይቆይ፣ ሰንበት ደግሞ ሐዘን አይገባም፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ እንሂድ ተባለ። «እስከዚያ እንዳይታወቅብህ፣ አዳነ። አንተ ነህ ቅርቡ» አሉኝ ቄሱ።

ዓርብ ፔጆዋን አላወጣትም ብዬ ነበር። ከላይ ወርደው ራሳቸው በሬን አንኳኩ። «ልጅቷን ረሳሃት?» አሉኝ። ወጣን። አዳመጡ። ያን ዕለት ከወትሮው ደስ ብሏቸው ነበር፤ «ዛሬ ገባኝ እኮ» አሉ። «ያለ መብራት ላስተካክላት እችላለሁ። ለናፍታሊ ትነግርልኛለህ።» ኮፈኑን ዘጉ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጠየቁኝ።

«የምትደብቀኝ አለ?»

ያን ጊዜ የቄሱ ትእዛዝ፣ የሽማግሌዎቹ ወግ፣ አባቶቼ ያደረጉት ሁሉ ትዝ አለኝ። ብናገር ወግ አፈርሳለሁ፤ መንገድ ዳር፣ ጎረቤት እያየ፣ ብቻውን ያለ ሰው ላይ መርዶ እጥላለሁ። ባልናገር ደግሞ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። «የለም፣ አያ ይርጋ» አልኩ።

አንገታቸው ወደ ግራ ዘንበል እንዳለ ድምፄን አዳመጡት። «ሰንበት ሰላም» ሳይሉኝ ደረጃውን ወጡ።

ያን ሰንበት ከራሴ በላይ እርምጃ ሰማሁ። ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት። ይቆማል፣ ይጀምራል። ምግብ አልቀመስኩም። በመካከላችን አንድ ጣሪያና አንድ ደረጃ ነው ያለው። ወጥቼ ማንኳኳት እችል ነበር። ሁለት ጊዜ በሬን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜ «እሑድ ተብሏል» ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ቄሱን አስቀድመን፣ ከአፉላና ከአሽቀሎን የመጡት ተከትለውን፣ ጫማችን እንዳይሰማ ቀስ ብለን ወጣን። የአያ ይርጋ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳሎኑ ውስጥ ያላቸውን ወንበር ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ጭምር፣ ግድግዳውን አስጠግተው ደርድረዋል። እሳቸው ሸሚዛቸውን ቀደው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቄሱ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። «እማዋይሽ ናት ወይስ የሺ? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

አብረውን የመጡት ሴቶች ጮኹ። ልቅሶው ቤቱን ሞላው። እኔ በር ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። አያ ይርጋ በሰዎቹ መካከል ፈልገው አገኙኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ሁለተኛህ ነው፣ አዳነ» አሉኝ። «ዓርብ ብትነግረኝ፣ ልጄ ትኑር አትኑር ሳላውቅ ሁለት ቀን ብቻዬን አልታሰርም ነበር።»

ከዓመት በኋላ ናፍታሊ ሞተር ላይ አስቀመጣቸው። ያለ መብራት አስተካክለው አሳዩት፣ በመብራቱ ሲለካው ልክ ሆኖ ተገኘ። ስማቸው የተጻፈበት ሰማያዊ ካፖርት ተሰጣቸው። እንኳን ደስ አለዎት ስላቸው፣ ካፖርቱን እያጠፉ፣ «እማዋይሽ ብታየኝ ነበር እንጂ» ብቻ አሉ። ከዓመታት በኋላ ልጃቸው የሺ በሁለተኛው ዙር አውሮፕላን ስትመጣ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ እኛም በሰርግና በልቅሶ ብቻ የምንገናኝ ሆንን። ስንገናኝ ስለ መኪና ያወሩኛል። ያንን ጥያቄ ግን ከዚያ ዓርብ ወዲህ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ይቅርታ የጠየቅኋቸው ብዙ ጊዜ ነው፤ «ተወው፣ ልጅ ነበርክ» ይሉኛል። ያንን የዓርብ ጥያቄ ግን ወደ አፋቸው አልመለሱትም።

የምርመራው ተራ ደረሰኝ። መርማሪው ወጣት መኪናዬን አንድ ሽቦ ሰክቶባት የኮምፒውተሩን ጽሑፍ ያነባል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳመጠ ሰው የለም። ዳር ይዤ ቆምኩና ለየሺ መልሼ ደወልኩ። ስለ ጮህኩባት ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«በሰደር፣ አያ አዳነ። አባዬ ነግሮኛል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ልቅሶም ሳቅም ነበር። «‹መጀመሪያ ይቆጣሻል። ከዚያ መልሶ ይደውላል። ሲደውል፣ የምትደብቀኝ አለ ብለሽ ጠይቂልኝ› ብሎኛል።»

መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። ከዚያ ያን ሰንበት ከራሴ በላይ የሰማሁትን እርምጃ፣ ሁለት ጊዜ ከፍቼ የዘጋሁትን በር፣ ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ሁሉ ነገርኳት።